አድማስ ሲታመም

የመርከባችን ስም አናፋ ይባላል፣ ሳቢሳ ነው ፍቺው በአገሩ ቋንቋ፤
አባቴ ግን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ «ማን ነው ያናፋው? አህያ ናት ታንኳ?»
ከአኮ ወደብ ዳር፣ ከአሮጌው ግንብ ጥግ ታስራ የምትወዛወዝ፣
ባለሁለት ምሰሶ፣ ሸራዋ የተጣፈ፣ የሆዷ ናፍጣ ሽታው የሚያፈዝዝ።

አሥራ አራት ተማሪ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፤
ስልካችን በሣጥን፣ የሣጥኑ ቁልፍ በካፒቴኗ አንገት።
ደወሉ ሳይነጋ ይጮኻል፤
ከአልጋው የሚነሣ ሁሉ ጣሪያውን በግንባሩ ይመታል።
ወለሉን በጨው ውኃ መፈተግ፣ ነሐሱን በጨርቅ ማሸት፣
ከዚያ ድንች መላጥ። ባሕረኛነት ለካ
ግማሹ ድንች ነው፤ የነገረን የለም በፊት።

መምህራችን ኔታ «ሔቬል!» ብላ ትጮኻለች፤ ገመድ ማለቷ ነው፤
እኛ ቤት ሐብል የምንለው፣ የእናቴ የአንገት ወርቅ ነው።
እሱን አስይዛ ነው የትምህርቱን ግማሽ የከፈለችው።
ገመዱ መዳፌን ሲገሸልጠኝ
ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል፤ አልለቀውም፣ ቢያቃጥለኝ።

በሁለተኛው ቀን ማዕበል ተነሣ።
ያሮስላቭ ቅጠል መሰለ፤ ዋኤል፣ ያ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
አጥሩን ተደግፎ ለባሕር እጅ ነሣ።
ኔታ ባልዲ እያደለች «ኦፌቅን እዩ» አለች፣ «እሱ አይናወጥም፤
ዓይን የቆመ ነገር ካየ፣ ሆድ አይረበሽም።»
የኔም አፍ አያርፍ፤ «ኦፌቅ በአማርኛ አድማስ ነው» አልኳቸው፣
«አድማሱ ደግሞ እኔ! እኔን እዩኝ በቃ» ብዬ አሳቅኋቸው።
ከዚያ ወዲህ የታመመ ሁሉ
ባልዲውን አቅፎ ፊቴ ይቀመጣል፤
ዓይን ዓይኔን እያየ «አትነቃነቅ!» ይለኛል።

ሌሊት፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት፣ ተራው የኔ ነበር።
ጨረቃ የለችም። ነፋሱ ከምዕራብ ዞሮ መጣ፤
የባሕሩ ሆድ ሲነሣ የኔም ሆድ አብሮት ወጣ።
አድማስ ሲታመም ታዲያ ወዴት ነው የሚያየው?
ሁሉም ጥቁር፣ ሰማዩን ከውኃው
የሚለየው መስመር የት ነው ያለው?
ባልዲ ፈለግሁ። ሞልቷል።

በስተኋላችን፣ ርቆ፣ የሐይፋ ወደብ መብራት ይርገበገባል፤
ከዚያ ከአንዱ ሥር፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ አባቴ በር ይጠብቃል።
አሥራ አምስት ዓመት ከባሕር ጋር አደረ፣
ኮንቴይነር ሲገባ፣ ኮንቴይነር ሲወጣ፣ ታርጋ እየቆጠረ፤
እግሩን ግን አንድ ቀን ውኃ አልነካውም።
ስሜን ያወጣው ጎንደር ነው፣ የጉዞ ተራ ሲጠብቅ፣
ባሕር የሚባል አይቶም አያውቅ፤
አድማስ ሲል ምናልባት ያሰበው
የመጠለያውን አጥር ማዶ ነው።

ካፒቴን ኦርና መጣች። ፊቴን በቀይ መብራት አየችው።
«ና፣ መሪውን ያዝ።» ማጽናኛ አልጨመረችም።
«ሦስት መቶ አርባ። ከዚያ እንዳትወጣ።»
ያዝኩት። የኮምፓሱ መርፌ ስከተላት ትሸሻለች፣
ስመልሳት አልፋኝ ትሄዳለች፤
እልኸኛ በቅሎ ናት፤ ስትጎትታት ትቆማለች፣
ላላ ስታደርግላት ትመጣለች።
ሕመሙ መቼ እንደተወኝ አላውቅም።
ቁጥሩን ነበር የማየው፤ ሆዴን የማይበት ጊዜ አልነበረኝም።

በአሥር ሰዓት ዋኤል ሊተካኝ መጣ፤ ከንፈሩ ገና አመድ ነው።
የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ፣ ቆየ፣
«ቆመሃል» አለኝ፣ «እኔ እኮ ልታዘዝህ ነው የወጣሁት፣ ታሞ ብዬ።»
«ሦስት መቶ አርባ» አልኩት። «ሦስት መቶ አርባ» አለ እሱም፤
ደንቡ ነው፤ የተቀበለ ሳይደግም አይረከብም።

ወረድኩ። ጣሪያው ግንባሬን መታው።
ለእንቅልፍ የቀረው ሁለት ሰዓት ነው፤
ከዚያ ደወሉ፣ ከዚያ ድንቹ።